የከተማ ጥራጊ ወደ ማሳ እንዴት ይመለስ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር)






ጉማራ ወንዝ ዳር የሚገኘው የዋንዛዬ ፍል ውኃ በደቡብ ጎንደርና ከዚያም አልፎ የታወቀ ነው። ወገቡን ያመመው፣ ጉልበቱ የተያዘ፣ ቆዳው የቆሰለ ሰው ስንቁን ቋጥሮ ይመጣል፤ ቀናት ሰንብቶ፣ ታጥቦ ይመለሳል። በቀድሞው ጊዜ ስንቅ የሚመጣው በአገልግል፣ በቅልና በአቁማዳ ነበር። ስንቁ ሲያልቅ ዕቃው ወደ ቤቱ ይመለሳል። የወደቀ ነገር ቢኖር ፍርፋሪና ቅጠል ነው፤ እሱንም ወፍና አፈር ይጨርሱታል። ዛሬ ግን ስንቁ በፌስታል፣ የሚጠጣው በሃይላንድ፣ ሳሙናው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይመጣል። ሰውዬው ሲመለስ ፌስታሉ እዚያው ይቀራል። ክረምት ሲገባ ጉማራ ይሞላና ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ወደ ጣና ይወርዳል።

ይህ በፍል ውኃው ዳር ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። ገበያ በዋለ ማግስት በየከተማው ዳር ያለውን ቦይ ማየት ይበቃል። የጎመን ቅጠል፣ የድንች ልጣጭ፣ የሸንኮራ አገዳ ገለባ፣ አመድ፣ ፌስታል፣ የተሰበረ ጠርሙስና አሮጌ ጫማ በአንድነት ተከምረው ይገኛሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ስም «ቆሻሻ» ይባላል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ የተለያየ ነገር በአንድ ስም ሲጠራ መድረሻውም አንድ ገደል ይሆናል።

የዚህ ንግግር ዓላማ አንድ ነገር ማስገንዘብ ነው። የደረቅ ቆሻሻ ጉዳይ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ነገር ግን የአርሶ አደሩም ጉዳይ ነው፤ ስለዚህም የዩኒየኑ ጉዳይ ነው። ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከከተማ የሚወጣው ቆሻሻ በመጨረሻ የሚያርፈው በገበሬ መሬት ወይም በወሰኑ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ከቆሻሻው የሚበልጠው ክፍል ከማሳ የወጣ በመሆኑ ወደ ማሳ መመለስ ይገባዋል። ሦስተኛ፣ ከቆሻሻው የከፋው ክፍል የሚወጣው ከኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን ጭምር ነው።

ከመጀመሪያው ለመነሳት፣ በአዲስ አበባ የረጲ ቆሻሻ ማከማቻ፣ በተለምዶ ቆሼ የሚባለው፣ ከ50 ዓመት በላይ ሳይለይ የተጣለበት ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩና ከቆሻሻው እየለቀሙ የሚተዳደሩ ነበሩ። ከዚያ ቀደም ሲል ቆሼን ይተካል የተባለ ማከማቻ በሰንዳፋ አካባቢ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ነበር። በዙሪያው ያሉ አርሶ አደሮች ሽታውና ፍሳሹ በእነሱና በከብቶቻቸው ላይ ጉዳት እያደረሰ መሆኑን በመግለጽ ተቃወሙ፤ ማከማቻውም በወራት ውስጥ ሥራ አቆመ፤ የከተማዋም ቆሻሻ ተመልሶ ወደ ቆሼ ሄደ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ከተማ ቆሻሻውን ካልለየ ክምሩ በየዓመቱ ያድጋል። ክምሩ ሲያድግ አዲስ ቦታ ይፈለጋል። አዲስ ቦታ ደግሞ ከከተማ ውጭ፣ ከገበሬ ማሳና ግጦሽ ላይ እንጂ ከሌላ አይገኝም። ደብረ ታቦር፣ ወረታና ሐሙሲት ከአዲስ አበባ ጋር የሚወዳደሩ ከተሞች አይደሉም፤ ነገር ግን እያደጉ ነው። ነገሩ ከመክፋቱ በፊት መላ ማበጀት የሚቻለው ክምሩ ገና ትንሽ ሳለ ነው።

ወደ ሁለተኛው ምክንያት ሲታለፍ ነገሩ ከስጋት ወደ ጥቅም ይለወጣል። በኢትዮጵያ ከተሞች ከሚወጣው ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው። ልጣጭ፣ ቅጠል፣ የምግብ ትራፊና ሣር ሁሉ ከማሳ የወጡ ናቸው። እህሉ፣ ድንቹና ጎመኑ በአህያና በመኪና ወደ ከተማ ሲገባ የማሳውን ለምነት ተሸክሞ ይገባል። ትራፊው በገደል ሲቀር ለምነቱም እዚያው ቀረ ማለት ነው።

በሌላ በኩል በደጋው ቤት ውስጥ የሚሆነው ይታወቃል። እንጨት ስላነሰ ኩበት ይነዳል። ወደ ማሳ መሄድ የነበረበት እበት ከምድጃ ገብቶ አመድ ይሆናል። ከብት እያለ መሬት ይራባል፤ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ከጉና ተዳፋት የሚሸረሸረው አፈርም በርብና በጉማራ ተጭኖ ይወርዳል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል፤ ይሁን እንጂ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ አረም ገብቶበታል። ከላይ የሚወርደው አፈር፣ ፍሳሽና ለምነት ለእምቦጭ ምግብ ነው። ከማሳ የጠፋው ለምነት አረም ቀለበ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሒሳቡን በትክክል ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ አርሶ አደር በተጋነነ ወሬ አይረታምና። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። በደንብ የተዘጋጀ አንድ ቶን ኮምፖስት፣ ማለትም 10 ኩንታል፣ የሚይዘው ናይትሮጅን በግምት ወደ 10 ኪሎ ነው። ስለዚህ የአንድ ኩንታል ዩሪያን ናይትሮጅን በኮምፖስት ለመተካት ከ4 ቶን በላይ ማጓጓዝ ሊያስፈልግ ነው። «ኮምፖስት ካለ ማዳበሪያ አያስፈልግም» የሚል ሰው ካለ ይህን አልቆጠረም።

ይሁን እንጂ ዩሪያ የማይሰጠው ነገር አለ። ኮምፖስት አፈሩ ውኃ እንዲይዝ፣ እንዳይደርቅና በዝናብ እንዳይታጠብ ያደርጋል። ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ሌሎች ንጥረ ነገሮች አሉት። የደጋ አፈር አሲዳማነት በሚያስቸግርበት ቦታም አፈሩን ያግዛል። ጥቅሙም በአንድ ክረምት አያልቅም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመትም ይታያል። ዘላቂ ልማት ተቋም የተባለው አገር በቀል ድርጅት በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና በወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ መሪነት ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ከአርሶ አደሮችና ከግብርና ባለሙያዎች ጋር የሠራው ሥራ እዚህ ላይ ተጠቃሽ ነው። በዚያ ሥራ ኮምፖስት የተጨመረባቸው ማሳዎች ምንም ካልተጨመረባቸው በእጅጉ የበለጠ፣ በማዳበሪያ ከለሙት ጋር ደግሞ የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ምርት ሰጥተዋል። ያ ኮምፖስት ግን ከገበሬው ጓሮና ማሳ የተገኘ ንጹሕ ነገር ነበር። የከተማው ፈተና የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ከከተማ የመጣ አንድ ጋሪ ኮምፖስት ከማሳ ዳር ቢቆም አርሶ አደሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው የናይትሮጅን መጠን አይደለም።

«ልጄ፣ ጠርሙስ አለበት?» ብሎ ይጠይቃል።

ጋሪ ነጂው «ትንሽ ትንሽ አይጠፋም፣ አባ» ካለ ነገሩ እዚያው አበቃ። በባዶ እግሩ ለሚያርስና ልጆቹን በእጃቸው ለሚያሳርም ሰው አንዲት ስባሪ ጠርሙስ ትበቃለች። ፌስታሉ ደግሞ ከማሳ ወደ ግጦሽ ይነፍሳል። ላም የምግብ ሽታ ያለውን ፌስታል ትውጣለች፤ ፌስታሉ በሆዷ አይፈጭም፤ እየተጠራቀመ ምግብ እንዳያልፍ ይዘጋል፤ ላሟም እየከሳች ትሞታለች። ስለዚህ የከተማ ኮምፖስት ገበያ አጣ ሲባል ገበሬው አልገባውም ማለት አይደለም። በደንብ ገብቶታል። ያልገባው፣ ከምንጩ ሳይለይ ለሰበሰበው ነው። ከተቀላቀለ በኋላ መለየት ጤፍን ከአሸዋ እንደ መልቀም ነው፤ ከመቀላቀሉ በፊት ግን ሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ብቻ ይበቃል፤ አንዱ ለሚበሰብሰው፣ አንዱ ለማይበሰብሰው።

ለዚህ ሥራ ሕጉም አለ። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ ቤተሰብ ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ከሚጣለው እንዲለይ ደንግጎ ነበር። የከተማ አስተዳደሮች ዕቅዳቸውን ሲያወጡ እስከ ታችኛው እርከን ያለውን ነዋሪ እንዲያሳትፉ አዟል። ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ስስ ፌስታሎችንም ከልክሎ ነበር። ክልከላው በገበያ ላይ ብዙም ሳይታይ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ በማጽደቅ ፌስታልን የሚከለክል ጠንከር ያለ ድንጋጌ አውጥቷል። ሕግ መውጣቱ መልካም ነው። ነገር ግን አዋጅ ጋሪ አይገፋም፤ ጥራጊም አይለይም።

ሥራውን የሚሠራው የቅርቡ ሰው ነው፤ የክልሉ ድርሻ ደግሞ እሱን ማስቻል ነው። በዚህ ረገድ በክልሉ መናገሻ በባሕር ዳር የታየው ትምህርት ይሰጣል። በዚያ ከተማ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ድሪም ላይት የተባለ የግል ድርጅት ከከተማው አስተዳደር ጋር ተስማምቶ ከየቤቱ ቆሻሻ ወደ መሰብሰብ ገባ። ቆየት ብሎም የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም የከተማዋ የተቀናጀ የቆሻሻ አያያዝ ዕቅድ ሲዘጋጅ ድጋፍ አድርጓል። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የከተማ ቆሻሻን ወደ ኮምፖስት የሚለውጥ ፕሮጀክት ተነድፎ ስድስት ከተሞች ተመርጠዋል፤ እነሱም አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ቢሾፍቱ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና መቀሌ ናቸው። የተዘጋጀው ኮምፖስት ለከተማ አረንጓዴ ቦታና ለተራቆተ መሬት ደን ልማት እንዲውል ታቅዷል።

ከስድስቱ ከተሞች የአማራ ክልል ድርሻ አንድ ነው፤ እሱም የክልሉ መናገሻ ነው። ድጋፍ በትልቅ ከተማ መጀመሩ የሚገርም አይደለም። የሚያሳስበው በዚያው እንዳይቀር ነው። ምክንያቱም ቆሻሻን ወደ ማሳ ለመመለስ የሚቀለው በትንሽ ከተማ ነው። በደብረ ታቦር ወይም በሐሙሲት ከገበያው እስከ መጀመሪያው የእርሻ ማሳ ያለው መንገድ በእግር የሚሄዱት ነው። ከላይ እንደተቆጠረው ኮምፖስት ከባድ ነው፤ ሩቅ ከተጓዘ ዋጋው በመንገድ ያልቃል። ትንሽ ከተማ ይህ ችግር የለባትም።

እንግዲህ ዩኒየኑ ምን ያድርግ? የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሚመሩባቸው ሰባት ዓለም አቀፍ መርሆዎች የመጨረሻው ለአካባቢ ማኅበረሰብ ማሰብ ነው። ይህን መርሆ በተግባር ለማዋል አራት ነገሮች ሊሠሩ ይችላሉ።

አንደኛው ገዢ ሆኖ መቅረብ ነው። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ኮምፖስት የሚያዘጋጁት የሚገዛቸው እንዳለ ካወቁ ነው። ዩኒየኑ «ጠርሙስ፣ ላስቲክና ብረት የሌለበት፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት በዚህ ዋጋ እንገዛለን» የሚል ውል ቢያስር መለየት የሚጀምረው ያን ዕለት ነው። ጥራቱን ማወቅም አይከብድም። የበሰለ ኮምፖስት የዝናብ አፈር ይሸታል እንጂ አይገማም፤ ሲነካ አይሞቅም፤ የገባበት ቅጠል ተለይቶ አይታወቅም።

ሁለተኛው ባዶ የሚሄደውን መኪና መጠቀም ነው። እህል ለመጫን ወደ ቀበሌ የሚወጣ መኪና ባዶውን ከሚወጣ ኮምፖስት ቢጭን የማጓጓዣው ወጪ በእጅጉ ይቀንሳል።

ሦስተኛው በጓሮ መጀመር ነው። እያንዳንዱ አባል ከከተማ ሳይጠብቅ የራሱን ሊያዘጋጅ ይችላል። በደጋ ጥሩው ወቅት ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ጥቅምት፣ አረሙ ለምለም ሳለ ነው። ደረቁን ገለባ፣ ለምለሙን አረም፣ እበቱንና ጥቂት አመድና አፈር በየተራ እያነጠፉ መከመር ነው። ብርዱ ሙቀቱን እንዳይሰርቅ ቁመቱና ስፋቱ ከ1 ሜትር በታች መሆን የለበትም። በመሐሉ ረጅም ዘንግ ይተከላል። በሳምንቱ ዘንጉ ተስቦ ሲዳሰስ ከሞቀ ሥራው ጀምሯል፤ ከቀዘቀዘና ከደረቀ ውኃ ይፈልጋል፤ ከገማ ውኃው በዝቷልና ይገለበጥ። እየገላበጡና ከፀሐይና ከዝናብ እየሸፈኑ ቢይዙት ለሰኔ ዘር በቀላሉ ይደርሳል።

አራተኛው በጣም አስቸኳይ ነው፤ በመግቢያው ላይ ከተነሱት ምክንያቶች ሦስተኛውም ይኸው ነው። የፀረ ተባይና የፀረ አረም መድኃኒት በማኅበራት መጋዘን በኩል ለአባላት ይደርሳል። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ጠርሙሱና ጀሪካኑ የት ይሄዳል? አንዳንዱ ማሳ ዳር ይጣላል፤ አንዳንዱ ወንዝ ዳር ይታጠባል፤ አንዳንዱ ደግሞ ታጥቦ ዘይት፣ ጋዝ ወይም ውኃ ይያዝበታል። መርዝ የነበረበት ዕቃ ስለታጠበ ብቻ ለምግብ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ መርዙን ይመጥጣልና። አገሪቱ ይህን በውድ ዋጋ ተምራለች። ለአሥርተ ዓመታት በየመጋዘኑ ተከማችቶ ጊዜው ካለፈበት ፀረ ተባይ ውስጥ ወደ 1,500 ቶን የሚሆነው በ1990ዎቹ ተሰብስቦ እንዲቃጠል እስከ ፊንላንድ ድረስ በመርከብ ተጉዟል። መርዝ ለመግዛት ቀላል፣ ለማስወገድ ግን ባሕር የሚያሻግር ነው።

ስለዚህ ዕቃው እንዳለቀ ሦስት ጊዜ በውኃ ተለቅልቆ ልቅላቂው እዚያው መርጫው ውስጥ ገብቶ በማሳው ላይ ይረጭ፤ ከዚያ ዕቃው ዳግም እንዳያገለግል ይበሳ፤ አይቃጠል፤ ወደ ማኅበሩ ይመለስ። ማኅበሩም አዲስ ሲሸጥ አሮጌውን ቆጥሮ ይረከብ፤ በተዘጋ ቦታም ያስቀምጥ። የለስላሳ ጠርሙስ ሳይመልሱ ሌላ አለመውሰድ የተለመደ ሆኖ ሳለ ለመርዝ ጠርሙስ ይህ አለመደረጉ ሊያስቆጭ ይገባል።

ለቀረው ለብረቱ፣ ለሃይላንዱና ለጠርሙሱ ደግሞ አገሩ የራሱ ሠራተኛ አለው። ቆራሌው በየደጁ እየጮኸ የሚሰበስበው አሮጌ ብረትና ፕላስቲክ በአዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ተደብድቦና ተጠርቦ ምድጃ፣ ባልዲና መጥበሻ ሆኖ ወደ ገበያ ይመለሳል። ብረት ማቅለጥ ለደብረ ታቦር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራው በዚያው ደጃፍ በጋፋት ነው። የሚያስፈልገው ቆራሌውን እንደ ውሪ ከማባረር ይልቅ የተለየውን ዕቃ በአንድ ቦታ እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

ከክልሉ የሚጠበቀውም በዚሁ ልክ ሊገለጽ ይችላል። ለኮምፖስት ማዘጋጃ ከወንዝና ከቤት የራቀ መሬት፣ ለተደራጁ ወጣቶች መነሻ ብድር፣ ጓንትና ጋሪ፣ የኮምፖስቱን ጥራት የሚመረምር የአፈር ላቦራቶሪ አገልግሎት፣ የተሰበሰበውን የመርዝ ዕቃ ተረክቦ በአግባቡ የሚያስወግድ አካል። እነዚህ በአንድ ቀበሌ ወይም በአንድ ማኅበር አቅም የሚሠሩ አይደሉም። በሌላ በኩል ክልሉ እነዚህን ሁሉ ቢያሟላ እንኳ በየቤቱ ሁለተኛው ከረጢት ካልተሰቀለ ሁሉም ከንቱ ነው። ድጋፍ የሚመጣው ከላይ ነው፤ መለየት ግን የሚጀምረው ከምድጃ አጠገብ ነው።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጀመርም አያስፈልግም። አንድ ገበያ፣ አንድ ማኅበር፣ አንድ የወጣቶች ቡድን ይመረጥ። በዓመቱ የስንት አባል ማሳ ኮምፖስት እንዳገኘ፣ ስንት የመርዝ ጠርሙስ እንደተመለሰ ይቆጠር፤ በጠቅላላ ጉባኤም ይነገር። የተቆጠረ ነገር ይሻሻላል፤ ያልተቆጠረ ግን በበዓል ንግግር ብቻ ይቀራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ዩኒየን የተመሠረተውም አንዱ ብቻውን የማይችለውን ሸክም ለማቃለል ነው።

ወደ ዋንዛዬ የሚመጣ ሰው ለመዳን ነው የሚመጣው። ታጥቦ ሲመለስ የያዘውን ፌስታል ይዞ ቢመለስ ለውኃው የሚከፍለው ትንሹ ዋጋ ይህ ነው። ጉማራ የሚያወርደው ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከአንድ ሰው እጅ ነውና።